መርዶ ይዤ ፈረንሳይን የዞርኩበት ክረምት

ስልኬ ውስጥ አንድ ቪዲዮ አለ። ርዝመቱ 41 ሰከንድ ነው። መጀመሪያ የኤፍል ማማ በርችት ደምቆ ይታያል። ከዚያ ካሜራው ዞር ይልና አክስቴን ያገኛታል። ነጭ ሹራብ ለብሳለች። አንገቷን ቀና አድርጋ እልል ትላለች። አጠገቧ የቆሙ የማናውቃቸው ፈረንሳዮች በድምፅዋ ተገርመው ያጨበጭቡላታል። ቀኑ ሐምሌ 7፣ 2017 ነው። አክስቴ እልል ስትል ታላቅ ወንድሟ ከተቀበረ አራት ቀኑ ነበር። እኔ አውቃለሁ። እሷ አታውቅም።

ስለዚያ ክረምት ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቻለሁ። ጓደኞቼ ፎቶዎቹን አይተው «ፈረንሳይ እንዴት ነበር?» ሲሉኝ «ቆንጆ ነበር» ብዬ አልፋለሁ። ውሸት አይደለም። ቆንጆ ነበር። ግን ያየሁትን ሁሉ ያየሁት ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ተሸክሜ ነው። ዛሬም ከየትኛው ፎቶ ፊት እንደምደሰትና ከየትኛው ፊት እንደማፍር አላውቅም።

«ጋር ዴ ሌስት ስትደርሺ ደውይልኝ»

የምማረው ጀርመን ነው። የዓመቱን ፈተና እንደጨረስኩ ሰኔ 30 ቀን ከፍራንክፈርት ባቡር ተሳፈርኩ። ፓሪስ ለመድረስ አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። እታለም፣ የእናቴ ታናሽ እህት፣ ፓሪስ ሃያ ዓመት ኖራለች። ከዚያ በፊት ያየኋት ሁለቴ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ አዲስ አበባ ለእረፍት ስትመጣ።

ስለ ጋሼ ካልነገርኳችሁ ግን ቀሪው አይገባችሁም። ጋሼ የእናቴና የእታለም ታላቅ ወንድም ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ምድር ባቡር ነው፤ ፈረንሳዮች ከጅቡቲ ተነሥተው በዘረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ በደረሰው በድሮው ባቡር። ፈረንሳይኛውን የለመዱት ድሬዳዋ፣ እዚያው ሥራ ላይ ነው። እሳቸው ፊት «ለገሃር» ማለት አይቻልም ነበር። «ላ ጋር ነው። ጣቢያው ማለት ነው» ብለው ያርሙናል። እታለም ሕፃን ሳለች አባታቸው ስለሞቱ ያሳደጓት ጋሼ ናቸው። ትምህርት ቤት ያስገቧት እሳቸው፣ ፈረንሳይኛ ያስጠኗት እሳቸው፣ ቦሌ የሸኟትም እሳቸው። ፈረንሳይን ግን አንድም ቀን አላዩም።

«ጋር ዴ ሌስት ስትደርሺ ደውይልኝ» ብለውኝ ነበር፤ ከጀርመን የሚመጣው ባቡር የሚገባበት የፓሪስ ጣቢያ ነው። ከባቡር እንደወረድኩ ደወልኩ። በቪዲዮ ጣሪያውን፣ ሐዲዱን፣ የመነሻ ሰዓት ሰሌዳውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ሰሌዳውን ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። «ስትራስቡር። ናንሲ። ሬምስ።» ተሳፋሪ የሚጠሩ ነው የሚመስሉት። ከዚያ «ሰዓቱን ያከብራል?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ፣ በደቂቃው ነው የገባነው ስላቸው ደስ አላቸው። «ባቡር እንዲህ ነው» አሉ። ከእሳቸው ጋር ያወራሁት መጨረሻው ይህ ሆነ።

ሆድ ካገር ይሰፋል

እታለም የምትኖረው ሰን ዴኒ ነው፤ ከፓሪስ ወደ ሰሜን፣ በሜትሮ 13 ቁጥር። ቤቷ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት ክፍልና ጠባብ ወጥ ቤት። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇ አልጋዋን ለቀቀችልኝ። ጊዜው የሐዋርያት ጾም ስለነበር እታለም በጾም ወጥ ነው የተቀበለችኝ። ሽሮው ላይ ቃሪያ ቆራርጣ «ጀርመን ይህን ታገኛለሽ?» እያለች ታጎርሰኝ ነበር።

ከቤቷ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ የፈረንሳይ ነገሥታት የተቀበሩበት ትልቁ ካቴድራል አለ። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም እዚያ ናቸው። ሐምሌ 2 ቀን ጠዋት፣ እታለም ሥራ ስትገባ፣ ብቻዬን ሄድኩ። ከ70 በላይ ከድንጋይ የተቀረጹ ምስሎች በጀርባቸው ተኝተው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጋጥመው ይጠብቁሻል። እግራቸው ሥር ውሻ ወይም አንበሳ ተጋድሟል። በአብዮቱ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1793፣ መቃብሮቹ ተከፍተው አጽሙ ጉድጓድ ውስጥ ተደባልቆ ተጣለ። ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ሲመለስ የማን አጥንት የማን እንደሆነ መለየት ስላልተቻለ ሁሉንም አንድ ላይ አኖሯቸው። ይህን የሚናገረውን ሰሌዳ እያነበብኩ እናቴ ደወለች።

ድምፅዋን ስሰማ ገባኝ። ጋሼ ሌሊት፣ በእንቅልፋቸው፣ ድንገት ነው የሄዱት። እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ እያለቀሰች ነበር፤ ግን የደወለችበት ሌላ ጉዳይም ነበራት።

«ለእታለም እንዳትነግሪያት።»

«እማ፣ እንዴት አድርጌ?»

«ብቻዋን ናት። ባል የላት፣ ዘመድ የላት። ራሷን ትጥላለች። ለመስከረም ቲኬት ቆርጣለች፤ ስትመጣ እዚሁ ሰው ተሰብስቦ ይነገራታል። ለአንቺ የነገርኩሽ አብረሻት ስላለሽ ነው። ፌስቡክ ላይ እንዳታይ ጠብቂያት።»

እሺ አልኩ። እናታችን እያለቀሰች ስትለምነን እሺ የማንል ስንቶቻችን ነን?

ወጥቼ ፊቴን አንድ ካፌ መጸዳጃ ቤት ታጠብኩ። ማታ እታለም «ዓይንሽ ምን ሆኗል?» ስትለኝ «አቧራ ነው» አልኳት። «ሆድ ካገር ይሰፋል» ይባላል። እውነት ነው፣ ይሰፋል። ያስገባሽው ነገር ግን ውስጥሽ ዝም ብሎ አይተኛም።

ጉብኝቱ

እታለም ለእኔ ብላ የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ነበር። ፓሪስን ሃያ ዓመት ኖራባት እንደ እንግዳ ዞራ አታውቅም። «አሁን ከአንቺ ጋር አያለሁ» አለች። ኖትር ዳም ገባን፤ ከቃጠሎው በኋላ ተጠግኖ በተከፈተ በሰባተኛው ወር መሆኑ ነው። ድንጋዩ ነጭ ሆኖ አዲስ የተገነባ ይመስላል። እታለም ሻማ አበራች። «ለጋሼ ጤና» አለችኝ። ሻማውን የያዘችበትን እጇን ማየት አቃተኝ።

ኬ ብራንሊ የሚባለው ሙዚየምም ሄድን። የጎንደር የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ያሉት እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ቡድን ሥዕሎቹን ከግድግዳው ልጦ ወሰደ። አብሮ የሄደ ሠዓሊ በቦታቸው ቅጂ ሣለና ተለጠፈ። የዚያን ክረምት ሙዚየሙ ስለዚሁ ጉዞና ስለተወሰዱት ዕቃዎች ልዩ ዐውደ ርእይ ነበረው። እታለም በጣም ተናደደች። «ሰው ለጸሎት ቀና ሲል የሚያየው ቅጂ ነው ማለት ነው?» አለች። እኔም ተናድጄ ነበር። ግን ከፊቷ ቆሜ ለስንት ቀን ያሳየኋት የራሴ ፊትስ?

ሐምሌ 5 ጾሙ ተፈታ። ዶሮ ሠራች። ሦስታችን ከአንድ ትሪ በላን። ሐምሌ 7 ሥላሴ ነበር፤ የፈረንሳዮችም ብሔራዊ በዓል በዚያው ቀን ዋለ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድን፣ ማታ ሴን ወንዝ ዳር ቆመን ርችቱን ጠበቅን። ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ሰማዩ ሲፈነዳ እታለም እንደ ልጅ ሆነች። «ጋሼ ይህን ቢያዩ!» አለችኝና እልል አለች። ያን ጊዜ ነው ቪዲዮውን የቀረጽኩት። ለምን እንደቀረጽኩ ዛሬም አላውቅም። ምናልባት እጄን ሥራ ላስይዘው ብዬ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እሱን ዘልዬ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር። ሐምሌ 9 ማታ እታለም ሻወር ገብታ ስልኳ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ቴሌግራም ጮኸ። አሜሪካ የሚኖር የሩቅ ዘመዳችን ነው። «እታለም፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላል። የስልኳን መክፈቻ ቁጥር አውቀዋለሁ፤ ካርታ እንድጭንላት ራሷ ነግራኛለች። ከፍቼ መልእክቱን አጠፋሁት። ሰውየውንም እንዳይደውልላት አገድኩት። ስልኩን እንደነበረበት አድርጌ አስቀመጥኩና ሽንኩርት መክተፌን ቀጠልኩ። ዝም ማለት አንድ ነገር ነው። ይህ ግን ዝምታ አልነበረም።

ወንበሮቹ

ሐምሌ 10 ወደ ደቡብ ምዕራብ ወረድን። የእታለም ትልቁ ልጅ ባዮን ይኖራል፤ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ከፓሪስ ሞንፓርናስ ጣቢያ በፈጣን ባቡር በቦርዶ አልፎ አራት ሰዓት ገደማ ነው። አገሩ የባስኮች ነው። ቤቶቹ ነጭ፣ እንጨታቸው ቀይ። የመንገዱ ሰሌዳ ሁሉ በሁለት ቋንቋ ይጻፋል። ባስክኛ ከጎረቤቶቹ ቋንቋዎች ከአንዱም ጋር ዝምድና የለውም። የእታለም ልጅ አማርኛውን በባስክ አገር ለልጁ ለማስተማር ይታገላል። «እዚህ ሰው ቋንቋውን አይተውም፤ እኔም አፍሬ ጀመርኩ» አለኝ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ፣ «አንድ ነገር ላሳያችሁ» ብሎ በመኪናው ወደ ኦንዳይ ወሰደን። የፈረንሳይ መጨረሻ ናት። ወንዙን ስትሻገሪ እስፔን ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ከባሕሩ በላይ ገደሉ ጫፍ አጠገብ፣ አንድ ግንብ ቆሟል። በሩ ላይ አዞ ተቀርጾበታል። የአንቷን ዳባዲ ቤት ነው።

ስሙን ታሪክ ላይ የሰማችሁት ትኖራላችሁ። አባቱ ባስክ፣ እናቱ አይሪሽ፤ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1810 ደብሊን ነው። በ1838 ከወንድሙ ጋር ወደ አገራችን ገብቶ አሥር ዓመት ያህል ተራራውንና ወንዙን እየለካ ካርታ ሠራ። ከ200 በላይ የብራና መጻሕፍት ሰብስቦ ሄደ፤ ዛሬ ፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ይህን ግንብ ከ1864 ጀምሮ አሥራ አምስት ዓመት አስገነባ። የከዋክብት መመልከቻም አለው። በረንዳው ላይ አንድ ድንጋይ ጎድሏል። ሦስተኛው ናፖሊዮን መጥቶ በእጁ እንዲያኖረው የተተወ ቦታ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1870 ከዙፋኑ ወረደና ድንጋዩ እንደጎደለ ቀረ።

በሩ ላይ «መቶ ሺህ ጊዜ እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል አለ፤ በአይሪሽ ነው። ውስጥ ስትገቢ ግን ግድግዳው ላይ የእኛ ፊደል ይጠብቅሻል። ለማስረዳት ይከብደኛል። ሁለት ሳምንት ገደማ ሰሌዳው ሁሉ በባዕድ ቋንቋ በተጻፈበት አገር ውስጥ ነበርኩ። እዚህ ደግሞ ሃያ ጎብኚ ውስጥ እኛ ብቻ ነን የምናነብ። የአገራችንን ሕይወት የሚያሳዩ ሥዕሎች አሉ። ደረጃው ላይ መብራት የያዘ የኢትዮጵያዊ ወጣት ሐውልት ቆሟል። እታለም በጣቷ እያመለከተች ለልጇ ፊደል ትቆጥርላታለች። ልጅቷ በፊት የአማርኛ ነገር ሲነሣ ጆሮ ማዳመጫዋን ነበር የምትፈልገው። አሁን ግን ራሷ «ይህስ? ይህስ?» ትላለች። አስጎብኚዋ ንግግሯን አቋርጣ በፈገግታ ታየናለች። ያ ሩብ ሰዓት ከዚያ ክረምት ሁሉ የተሻለው ሩብ ሰዓት ነበር። ጋሼንም ረስቻቸው ነበር።

ከዚያ የምግብ ክፍል ገባን። ግድግዳው በቆዳ የተለበጠ ነው። መሐል ላይ ገበታ፣ ዙሪያውን ወንበሮች። በየወንበሩ መደገፊያ ላይ አንድ አንድ ፊደል አለ። ከቆምንበት የሚታዩን ጥቂቶቹ ነበሩ፤ ልገጣጥማቸው ሞከርኩ፣ ቃል አልሆነልኝም። አስጎብኚዋ በፈረንሳይኛ ማብራራት ጀመረች። ወንበሮቹ በቅደም ተከተላቸው ሲደረደሩ ፊደሎቹ አንድ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ይሆናሉ። ልጅቷ ወደኔ ዞራ ልትተረጉምልኝ ሞከረችና አንዱ ቃል አቃታት። እናቷ ቀጠለችላት።

«በዚህ ገበታ ዙሪያ ከዳተኛ እንዳይኖር እግዜር ይርዳን፣ ነው የሚለው።»

«ከዳተኛ ማን ነው?» አለች ልጅቷ።

«ይሁዳ ነዋ» አለች እታለም። «አብሮሽ ከአንድ ወጭት የሚበላ። አንቺ የማታውቂውን የሚያውቅ።»

ይህን ስትል ወደኔ አላየችም። ወንበሮቹን ነበር የምታየው፤ ደስ ብሏታል፣ ጣቷ አሁንም ፊደሎቹ ላይ ነው። እኔ ግን ከሐምሌ 2 ጀምሮ ከእጇ የጎረስኩት ጉርሻ ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ መጣ። ሽሮው፣ የጾም ፍቺው ዶሮ፣ በባቡሩ ላይ ከቦርሳዋ አውጥታ የሰጠችኝ ዳቦ ቆሎ። ያጠፋሁት መልእክት። ከክፍሉ ወጣሁ። ከደጅ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ባሕሩ ከሥር ይጮሃል። በጣቴ ቀን ቆጠርኩ። በማግሥቱ የጋሼ ዐሥራ ሁለት ነው። ሰልስቱ አልፏል፣ ሰባቱ አልፏል። መስከረም ላይ ስትሄድ አርባው ያልፋል። ያሳደጋትን ወንድሟን አርባ ሳታወጣ ልትቀር ነው፤ እንድትቀር የማደርጋት ደግሞ እኔ ነኝ።

አንድ ሌሊት

እናቴን አልወቅስም። ዛሬም አልወቅሳትም። መርዶ ለምን ሲነጋ እንደሚነገር ስናድግ አይተናል። ሲመሽ የተነገረው ሰው ሌሊቱን ብቻውን ይጋፈጠዋል። ሲነጋ ከሆነ ግን ቀኑ ከፊቱ አለ፣ ጎረቤት ይመጣል፣ ድንኳን ይተከላል፣ የሚይዘው እጅ አያጣም። ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ ተብሎ በብዙ ዘመን የተሠራ ሥርዓት ነው። እናቴ የፈራችው ያችን አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችውን ጠባብ ቤት ነው።

ግን ጎረቤታችን የነበረች አንዲት ልጅ ትዝ አለችኝ። ቤሩት ሦስት ዓመት ሠርታ ስትመለስ የእናቷን ሞት የነገሯት ቦሌ ከአውሮፕላን ስትወርድ ነው። ከሞቱ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ «ለእማዬ» እያለች ገንዘብ ትልክ ነበር። ያኔ ልጅ ነበርኩ። ያለቀሰችው ለቅሶ ለእናቷ ብቻ አልመሰለኝም። ለዚያ ለላከችው፣ ለሁለቱ ዓመት ነው። ሰውን ከሐዘን እናድነዋለን ብለን የምንወስድበት ነገር አለ፤ ስሙ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። ጊዜው ነው? ሞኝ ያለመሆን መብቱ ነው? አብሮ የመቅበር ድርሻው?

ማታ ባዮን፣ ሁሉም ሲተኛ፣ ወንዙ ዳር ወርጄ እናቴን ደወልኩላት።

«እማ፣ ልነግራት ነው።»

«መስከረም ትመጣለች አልኩሽ እኮ።»

«አርባው ያልፋታል።»

ዝም አለች። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ያሉ ሰዎች ድምፅ ከኋላዋ ይሰማኛል። ብዙ ቆየች። «ጋሼ ራሱ ቢሆን ይናደድብኝ ነበር፤ እሷን ሳይዝ ተቀበረ» አለችኝ በመጨረሻ። «እሺ። ብቻሽን ግን እንዳትነግሪያት። ሰው ይኑር። እንጀራ ይጋገር። የማኅበር ጓደኞች አሏት አይደል?»

ነበሯት። ስማቸውን በወሬ መሐል ስትጠራ ሰምቻለሁ። የአንዷን ስልክ ከእታለም ልጅ ተቀበልኩ። ለሱም ነገርኩት፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ፣ ጋሼ ናቸው ስም ያወጡለት። ሴትየዋን ደውዬ ገና አፌን ስከፍት «መቼ ነው?» አለችኝ። ምንም አልጠየቀችም፤ መቼ ነው ብቻ። «ማክሰኞ በመጀመሪያው ሜትሮ እንመጣለን። አንቺ በሩን ክፈቺልን።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለውን ስንቴ ትምህርት ቤት ጽፌዋለሁ። ለእኔ ንጋት ሲቀርብ ነበር የከፋው። ሰኞ ወደ ፓሪስ ስንመለስ እታለም መስኮቱ ጥግ ተቀምጣ የግንቡን ፎቶዎች ታያለች። «ይህን ለጋሼ ልላክላቸው» አለችኝ። ላከች። አንድ ምልክት ብቻ ወጣ። «ስልካቸውን ዘግተውታል፤ ኔትወርክ የለም መሰለኝ» አለች።

ማክሰኞ ሐምሌ 15፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ በሩን በቀስታ ከፈትኩ። አምስት ሴቶች ደረጃው ላይ ቆመዋል። አንዷ የጽዳት ሥራዋን ዩኒፎርም እንደለበሰች ነው፤ ከዚያው ወደ ሥራ ልትሄድ። ከቦርሳቸው ነጠላቸውን እያወጡ፣ አንዷ የሌላዋን እያስተካከለች፣ በፈረንሳይ ሕንፃ ደረጃ ላይ አዘቅዝቀው ለበሱ። ማንም ቃል አልተነፈሰም። ያን ምስል እስክሞት አልረሳውም።

እታለም ድምፅ ሰምታ ከክፍሏ ወጣች። ነጠላውን አየች። መጀመሪያ ያየችው ግን እኔን ነው።

«ጋሼ ነው?» አለች።

ከዚያ በኋላ

ስለ ለቅሶው አልጽፍም። ሴቶቹ ያዟት። ከታች ያሉ አንዲት አልጄሪያዊት እናት ጩኸቱን ሰምተው ወጡ፤ ነገሩ ሳይነገራቸው ገባቸው፣ ተመልሰው ወርደው አንድ ድስት ሾርባ ይዘው መጡ። እስከ ማታ ሠላሳ ሰው ገደማ በዚያች ጠባብ ቤት ተፈራርቋል። እናቴ የፈራችው ብቸኝነት እዚያ ቤት አልነበረም። ለዚያ ግን ለሰዎቹ መንገር ነበረብን።

ልጅቷ ከወጥ ቤት ጥግ ሆና ጠየቀችኝ። «ለምን ያኔውኑ አልነገርሻትም? እዚህ እኮ ሰው ሲሞት ይደውላሉ።» ስለ ንጋት፣ ስለ ጎረቤት፣ ራስን ስለመጣል አስረዳኋት። ሰማችኝ። «ግን አንቺ ብቻሽን ነበርሽ» አለች። «ለአንቺ ማን መጣ?» እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይህን ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ እታለም ጠራችኝ። ድምፅዋ ተዘግቷል። «በስንት ነው?» አለች። «ሐምሌ 2» አልኳት። ጣቷን ማጠፍ ጀመረች። ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ዶሮ የሠራሁበት። ስድስት። ሰባት ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ሥላሴ ዕለት እልል ብያለሁ» አለች።

ስለ መልእክቱም ነገርኳት። ያጠፋሁትን፣ ሰውየውን ያገድኩትን። ባልነግራት ማንም አያውቅም ነበር፤ ግን ስለ ሁሉም ነገር መዋሸት ሰልችቶኝ ነበር። ምንም አልመለሰችልኝም። ለሦስት ቀን ስታወራኝ ዓይኔን አላየችኝም። ስበላ ግን እንጀራ ሲያልቅብኝ ትጨምርልኝ ነበር።

ቲኬቷን ወደ ነሐሴ መጀመሪያ ለወጠችው። ሻርል ደ ጎል ድረስ ልጅቷና እኔ ሸኘናት። ከመፈተሻው በፊት ልጇን አቅፋ ሳመች። ከዚያ እኔን አቀፈችኝ፤ አጥብቃ ነው ያቀፈችኝ። በጆሮዬ «የኔ ተራ ሲደርስ ለዚች ልጅ በዚያው ቀን ንገሯት» አለችኝ። «እዚህ ነው ያደገችው። መጠበቁን አታውቅበትም።»

ለአርባው ደረሰች። እናቴ ፎቶ ላከችልኝ፤ ሁለቱ እህትማማቾች በጥቁር ልብስ ድንኳን ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው የጋሼ የምድር ባቡር ኮፍያ ጠረጴዛ ላይ አለ። እኔ ያኔ ጀርመን ተመልሻለሁ። ስመለስ ጋር ዴ ሌስት ላይ ሰሌዳው ሥር ብዙ ቆምኩ። ስትራስቡር፣ ናንሲ፣ ሬምስ። የምደውልለት ሰው አልነበረም። ባቡሩ በሰዓቱ ተነሣ።

ባለፈው ሳምንት እታለም ጽፋልኝ ነበር። «የዚያን ክረምት ፎቶዎች በሙሉ ላኪልኝ፤ ከጋሼ ፎቶ ጋር አንድ አልበም ልሠራ ነው» ትላለች። የኖትር ዳምን ላክሁ። የባዮንን ላክሁ። የግንቡንና የአዞውን፣ የጎደለውን ድንጋይ ላክሁ። «ቪዲዮውስ?» አለችኝ። «የርችቱ። ቀርጸሽኝ አልነበር?»

41 ሰከንድ ነው። ሁለቴ ከፍቼ አየሁት። ገና አልላክሁትም።